የተረተሩ ሰማያዊ አበባ

ሞጣ ለምትኖሪው እህቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ፣ ቤትሽስ፣ ሥራሽስ እንዴት ነው? እዚህ በብቸና በኩል ክረምቱ አልፎ የጤፍ አጨዳ ተጀምሯል። እኔም በአካል ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። መንገዱ አንድ ሰሞን ሲከፈት አንድ ሰሞን ሲዘጋ፣ ስልኩም ሲሠራ ሲጠፋ፣ በወረቀት መጻፍ ከተውኩ ከስንት ዘመን በኋላ ይኸው ደብዳቤ ጻፍኩ። ይህን የሚያደርስልሽን ሾፌር ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ፣ በገዛ እጅሽ ብቻ እንዲያስረክብሽ አስምዬዋለሁ። ስታነቢው ብቻሽን ሁኚ።

አታውቂኝም። የወረኢሉ ልጅ ነኝ። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኜ እዚህ ተመድቤ፣ ከብቸና ወጣ ብሎ ባለው መንደር እሠራለሁ፤ ከመጣሁ ጀምሮ የምኖረውም እናትሽ ግቢ ውስጥ አንዷን ክፍል ተከራይቼ ነው። እናትሽ «ልጄ» እያሉ ሲጠሩኝ ስለኖሩ፣ አንቺን ከ«እህቴ» ሌላ የምጠራበት አጣሁ።

ልጅ እንዳላቸው የነገሩኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። «ሞጣ ናት። መድኃኒት ቤት አላት፣ ባሏም የተማረ ነው። ወላጆቿ ሞተዋል ብላ ነው የገባችው። አልፈርድባትም፣ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው» አሉኝ። ወዲያውም እንዳልጽፍልሽ፣ እንዳልደውልልሽ፣ ስምሽን እዚህ አገር ለማንም እንዳላነሳ ለመኑኝ። እስከ ዛሬ ጠብቄላቸው ነበር። አሁን ግን ዝም ማለት አቃተኝ፤ የሆነውን የምነግረው ከአንቺ ሌላ ልጅ የላቸውም።

እዚህ ስመጣ በሸክላ ሠሪነታቸው ምክንያት ስለሚባልባቸው ነገር የነገረኝ አልነበረም። የግቢውን በር ስከፍት ከግድግዳው ሥር ተደርድረው ፀሐይ የሚሞቁትን ድስቶችና ገንቦዎች አይቼ ቤቱን ወደድኩት። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዷ ባልደረባዬ ወደ ጥግ ወስዳኝ «እዚያ ቤት ውሃ እንኳ እንዳትጠጪ፣ ዓይናቸው ሰው ይበላል» አለችኝ። እኛም አገር እንዲህ የሚባልባቸው ሰዎች ስላሉ ነገሩ አዲስ አልሆነብኝም። ቤቱን አልለቀቅኩም።

እናትሽ ግን እንደተነገረኝ አውቀዋል። ምግብ ሲሰጡኝ ሳህኑን ከደፉ ላይ አስቀምጠው ፊታቸውን መልሰው ይገባሉ። አንድ ቀን ተከትያቸው ገባሁና ከአንድ ትሪ በላን። ስንበላ ዓይናቸውን ከትሪው ላይ አንድ ጊዜ እንኳ አላነሱም። ሰው ሲበላ ላለማየት ዕድሜያቸውን ሙሉ ራሳቸውን ያስለመዱ መሆናቸውን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። አንቺ ይህን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

የዘንድሮው መስከረም ሲገባ የጋሽ ደምለው በሬ ሞተ። ጋሽ ደምለው ክፉ ሰው አይደሉም። ጨዋ ገበሬ ናቸው፤ ልጆቻቸውን ያስተማሩት በዚያ በሬና በጓደኛው ነው። ጠዋት ደህና ሆኖ የተሰማራው በሬ ከሰዓት በኋላ እግሩ እየተብረከረከ በፊት ጉልበቱ ተንበረከከ። ስደርስ ሆዱ ተነፍቶ አልቋል። አባ ሠንጋ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ሥጋውን እንዳይነኩ፣ ቆዳውን እንዳይገፉ፣ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው እንዲቀብሩት አደረግኩ። ደሙን ወስጄ ሳስመረምር አባ ሠንጋ አልነበረም። ቀጥሎ ባሏ የሞተባት የብሩክታይት ላም ሞተች፤ ከዚያ የሌላ ሰው ጊደር፤ ከዚያ ሁለተኛው የጋሽ ደምለው በሬ። ዘይት አጠጣሁ፣ ሆዳቸውን በስቼ አስተነፈስኩ፣ ያለኝን መድኃኒት ሁሉ ወጋሁ። እጄ ላይ ነው ያለቁት። ብሩክታይት ላሟን ጭንቅላቷን ታቅፋ «አንቺ ሐኪም አይደለሽም ወይ?» አለችኝ።

የእሷን ላም ሆድ ከፍቼ ስመለከት ግን ገና ካልተመነዠከው ሣር መካከል ሰማያዊ የአበባ ቅጠል አየሁ። የዚያን ዓይነት ሰማያዊ በግጦሹ ሜዳ ላይ አላስታውስም። ሜዳው ላይ ያለው ሰርዶና ማገጥ የሚሉት የግጦሽ ሣር ነው፤ መስከረም ላይ ከሆነም ብጫ አበባ ነው። በከረጢት ቋጥሬ ወሰድኩት።

እኔ አበባውን ስፈልግ ሰዉ ሌላ ነገር አገኘ። እናትሽ የሸክላውን አፈር የሚያመጡት ከግጦሹ ማዶ ካለው ወንዝ ዳር መሆኑን ታውቂያለሽ። የመጀመሪያው በሬ በሞተበት ቀን አፈራቸውን ተሸክመው በሜዳው ዳር አልፈው ነበር። ወሬውን ማን እንደጀመረው እስከ ዛሬ አላውቅም። መጀመሪያ «በዚያ በኩል አልፋለች» ተባለ። በማግስቱ «ቆማ አይታዋለች» ሆነ። ሳምንቱ ሳያልቅ «አቤት ሲያምር! ብላለች» ተብሎ የሰማ ሰው ተገኘ። በገበያ ቀን ይዘው የወጡትን ድስት ሁሉ ሳይሸጡ ተመለሱ። ከምንጩ ሊቀዱ ሲሄዱ ሴቶቹ እንስራቸውን እያነሱ ተበተኑ። ከዚያ በኋላ ውሃ የምቀዳው እኔ ሆንኩ።

ስናደድ ያዩኝና «ተይ ልጄ» ይሉኛል፤ «ከብት ሲሞት እኔ ነኝ፣ ሕፃን ሌሊቱን ሲያለቅስ እኔ ነኝ። ዝናብ በጊዜው ሲዘንብ ግን እኔ ሆኜ አላውቅም።» ይህን ብለው ይስቃሉ። ሳቃቸውን ታስታውሺው እንደሆነ እንጃ፣ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ከልለው ነው።

ባሕር ዳር ስጦታው የሚባል የቀድሞ አስተማሪዬ አለ፤ ዕፅዋት ነው የሚያስተምረው። ፎቶ እንዳልክለት ዳታ የለም። ስልኩ የሠራ ቀን ኮረብታ ላይ ወጥቼ ደወልኩለት። በቃል ስነግረው ለሰሚው ያስቅ ነበር። ሰማያዊ ናት አልኩት። «ሰማያዊ አበባ ስንት አለ!» አለኝ። ቅጠሏ አልተገኘም፣ ከላም ሆድ ነው ያወጣኋት አልኩት። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «አበባዋ ብቻዋን ብዙ አትነግረንም። የበቀለችበትን ፈልጊ። አፈሩ ምን ዓይነት ነው? ውሃ ይተኛበታል ወይስ ይወርድበታል? ከየትኛው ሣር ጋር ነው የቆመችው? አጠገቧ ቆመሽ ዙሪያዋን አይተሽ ንገሪኝ።»

ሄድኩ። ሜዳውን፣ ያንን ጥቁር ዋልካ ሁሉ፣ በጭቃ እየተነከርኩ ዞርኩት። የለችም። በወንዙ ዳር የለችም። በእርሻው ድንበር የለችም። ደክሞኝ ልመለስ ስል ከሜዳው በላይ ያለውን ድንጋያማ ተረተር አየሁ፤ ሰንበሌጥ የበዛበት፣ ከብት የማይወጣበት ነበር። ዘንድሮ ግን ሰንበሌጡ ተግጧል፣ እበትም ወድቆበታል። ወጣሁ። ከትልልቅ ድንጋዮቹ ሥር፣ አፈሩ ቀላ ብሎ ውሃ በማይተኛበት ቦታ፣ እስከ ወገቤ የምትደርስ ሆና ቆማለች። ቅጠሏ እንደ እጅ ጣት የተከፋፈለ ነው። አበባዋ ጥልቅ ሰማያዊ ሆኖ ከኋላው ቀንድ የመሰለች ጅራት አለችው፣ ወደ ላይ የቀናች። እውነቱን ልንገርሽ፣ ገዳይ መሆኗን እያወቅሁ እንኳ አማረችኝ። ብዙዎቹ ተበልተው ጉቷቸው ብቻ ቀርቷል።

ከብቱ ለምን እዚያ እንደወጣ ያን ጊዜ ገባኝ። በክረምቱ የታችኛው ሜዳ ታጥሮ ባሕር ዛፍ ተተክሎበታል፤ ድርሻ የደረሳቸው ቤተሰቦች ተካፍለውታል። ከብቱ ስለጠበበው ሽቅብ ወጣ። አበባዋማ ጥንትም እዚያው ነበረች፤ ወደ ማንም አልሄደችም።

ለቀበሌው ሊቀ መንበር ለሐብታሙ ነገርኩት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ እንዲሰበሰብ አደረገ። አበባዋን ከነግንዷ ይዤ ቆምኩና ያየሁትን ሁሉ አስረዳሁ። ከብቱን ከተረተሩ እንዲያወርዱ፣ የታችኛው አጥር ለአንድ ሁለት ወር እንኳ እንዲከፈት ጠየቅሁ። ሰዉ ጸጥ ብሎ ሰማኝ፤ የሚያምኑኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ጋሽ ደምለው ተነሡ። ከታጠረው መሬት ድርሻ አላቸው። ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁት፣ ነገሩ ገብቷቸዋል። «ታዲያ በሬዎቼን የገደልኳቸው እኔ ነኝ ልትዪኝ ነው?» አሉኝ። እንደዚያ አላልኩም አልኳቸው። «ብለሻል እንጂ» አሉና ተቀመጡ። ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም፣ የለቅሶ ነበር።

ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ መናገር ጀመረ። አንዱ አበባማ ከአባቶቻችን ጀምሮ ነበረ አለ። ሌላው እሷ ቤት ስለምትኖር ነው የምትከላከልላት አለ። ሐብታሙ በመጨረሻ «ችግኙ ተቆጥሮ ለበላይ ሪፖርት ተደርጓል፣ አጥር አልከፍትም። አንቺ የከብት ሐኪም ነሽ፣ ስለ አበባ የሚያውቅ ሰው ፈርሞበት ወረቀት ካመጣሽ ያን ጊዜ እናያለን» አለና በተነው። እናትሽ ስብሰባው ላይ አልነበሩም። ስመለስ አልጠየቁኝም፤ ፊቴን አይተው ውሃ ሰጡኝ።

ለስጦታው ደግሜ ስደውል ከነሥሯና ከነፍሬዋ ካላየኋት አልፈርምም አለኝ። እውነቱን ነው። አንዷን ከነሥሯ ነቅዬ በጋዜጣ መካከል አድርጌ በሁለት ጣውላ ጠፍሬ፣ ከሞጣ ወደ ባሕር ዳር በሚሄድ ሚኒባስ ልልክለት ተነሣሁ። መንገዱም በዚያ ሰሞን ተከፍቶ ነበር። እናትሽ ይህን ሲሰሙ «እኔም አብሬሽ ልሂድ» አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። የዓመት በዓል ቀሚሳቸውን ለበሱ፣ እጃቸውን በሎሚ እያሹ ጭቃው ከጥፍራቸው ሥር እስኪወጣ ታጠቡ። በደብረ ወርቅ በኩል ስናልፍ ቤተ ክርስቲያኗን ተሳለሙ።

መናኸሪያው ደርሰን እኔ ሾፌሩን ሳናግር ጠፉብኝ። ፈልጌ ፈልጌ ተስፋ ልቆርጥ ስል በአስፋልቱ ዳር ቀስ እያሉ ሲመጡ አየኋቸው፤ በእጃቸው ትንሽ ፌስታል ይዘዋል። የነገሩኝ ስንመለስ፣ መኪናው ውስጥ ነው።

«መድኃኒት ቤቷ ገባሁ» አሉኝ፤ «ባሏም ነበረ፣ ጥግ ላይ ተቀምጦ። ራሴን ያመኛል አልኳት። አላመመኝም። ኪኒን ሰጠችኝና ‹እማማ፣ ከምግብ በኋላ ይዋጡት› አለችኝ። እማማ አለችኝ።» ይህችን ደጋግመው አሉልኝ። ከዚያ «ከብዳለች። ቆማ ነው የምትውለው። ወንበር ቢያደርጉላት ምን ነበረበት?» አሉ። ሌላ ደግሞ ያልጠየቁትን የዓይን ቅባት አውጥተሽ ፌስታሉ ውስጥ እንደጨመርሽላቸው፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽም «ለጭሱ ነው» እንዳልሽ ነገሩኝ።

ከደብረ ወርቅ ካለፍን በኋላ ወደ እኔ ዞሩና «ሸክላ እንደማቃጥል አልነገርኳትም እኮ» አሉኝ። እስከ ብቸና በመስኮቱ ሜዳውን ሲያዩ ነበር። እህቴ፣ በዚህ ነገር ላይ ከዚህ የበለጠ አልጽፍም።

ቤት ስንደርስ የግቢው በር ተገንጥሏል። ከግድግዳው ሥር የነበረው ሸክላ አንድ ሳይቀር ተሰባብሯል፤ ገና ያልተቃጠለው እርጥቡ ሳይቀር ተረግጧል። ቤት ውስጥ አልገቡም፣ የወሰዱትም ነገር የለም። ጎረቤት ሁሉ በሩን ዘግቶ ነበር። እኔ ስጮህ እናትሽ እጄን ያዙኝና «ድምፅሽን አታሰሚያቸው» አሉኝ። መጥረጊያ አነሡና ስብርባሪውን ባንድ ጥግ ሰበሰቡት። ለፖሊስ ልናገር ብዬ ሄድኩ፤ መዘገቡልኝ። መሥሪያ ቤት ስሄድ አለቃዬ «በሕዝብ እምነት ውስጥ አትግቢ፣ አንቺም ልጅ ነሽ፣ ነግ ዞረው ወደ አንቺ ነው» አለኝ። ሊያስፈራራኝ አልነበረም፤ እሱም ፈርቶልኝ ነው። እንዲህ ሆኜ ነው የሰነበትኩት፣ የሚቆጣኝም የሚያዝንልኝም ሰው አንድ ነገር ነው የሚለኝ።

እናትሽ በማግስቱ ሄዱ። አንድ ዳቦ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። «ከሄዱ ሰዎቹ እውነት ነበር ይላሉ፣ አይሂዱ» ብዬ ለመንኳቸው። «ብቀመጥም ይላሉ። እኔ ደክሞኛል» አሉኝ። የግቢውን ቁልፍ ሰጡኝ፤ አንቺን በሚመለከት ምንም አላሉም። የየጁቤ መኪና ላይ ሳሳፍራቸው ከፊት ተቀምጣ የነበረች አንዲት ሴት አወቀቻቸውና ተነሥታ ኋላ ሄደች። እናትሽ በተለቀቀላቸው ቦታ ተቀመጡ።

አሁን የሚብሰውን ልንገርሽ። እሳቸው በሄዱበት ሳምንት ከብት መሞቱ ቆመ።

ጥቅምት ተጋምሶ ነበር። ዝናቡ ቆሟል፣ ተረተሩ ደርቋል። አበባዋም ረግፋ ፍሬዋን በትናለች፣ ግንዷም እንደ ጭራሮ ሆኗል፤ የሚቀምሰው ከብት የለም። ስጦታው ወረቀቱን ፈርሞ ሲልክልኝ እንዲያውም ይህንኑ ጽፏል፤ ስሟ በየአገሩ ይለያያል፣ ገደል አሙቅ ከሚሏት ወገን ናት፣ ወቅቷ ሲያልፍ አደጋው ይቀንሳል ይላል። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው። ለሐብታሙ ሰጠሁት። አነበበውና አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። «ጥሩ ነው። ግን አሁን ለማን ላንብበው? ሰዉ በዓይኑ አይቷል፤ ሄደች፣ ቆመ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ እንደዚያ ነው የሆነው። እኔ ራሴ የሰፈሩ ሰው ብሆን፣ ላሜ የሞተችብኝ ብሆን፣ ከወረቀት ይልቅ ያየሁትን አላምንም ብዬ መማል አልችልም።

ጋሽ ደምለው ቤት ሄጄ ደግሞ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «ከርሞም ትበቅላለች?» ብለው ጠየቁኝ። ትበቅላለች አልኳቸው። ባሕር ዛፋቸውን ለረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆዩና «እሷ ደህና ናት?» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ሚስታቸው እንዳትሰማ ዝቅ አድርገው። አላውቅም አልኳቸው። አጥሩ ዛሬም እንደታጠረ ነው።

ባለፈው እሑድ የጁቤ ሄጄ አየኋቸው። ከስተዋል። እንደ እሳቸው ሸክላ የምትሠራ የእህታቸው ልጅ ጋር፣ ከከተማው ጫፍ ወደ ዓባይ ቁልቁለቱ በሚጀምርበት በኩል ተጠግተዋል። የሚተኙባት ጥግ ጠባብ ናት፤ ሳልም ይዟቸው አልለቀቃቸውም። ሐኪም ቤት እንውሰድዎ ስላቸው ነገ ይሉኛል። እኔ ከብት እንጂ ሰው አላክምም እህቴ፤ ሳሉን ግን አልወደድኩትም። ይህን ሁሉ የጻፍኩልሽ ልወቅስሽ አይደለም። ቤትሽን አፍርሺ፣ ለባልሽ ንገሪ ለማለትም አይደለም፤ ያንቺን ኑሮ የምትኖሪው አንቺ ነሽ። እዚህ የማውቀውን እውነት ይዤ ማንንም ማዳን አልቻልኩም። አንቺ ዘንድ ያለው እውነት ይችል እንደሆነ ግን እኔ አላውቅም።

ቦታውን ልንገርሽ። የጁቤ መናኸሪያ ስትወርጂ ወደ ቁልቁለቱ ታች ሂጂ። ይርጋነሽ ብለሽ በስማቸው ብትጠይቂ ማንም አያሳይሽም፣ እኔም እንደዚያ ብዬ ግማሽ ቀን ተንከራትቻለሁ። «ሸክላ ሠሪዋን አሳዩኝ» ነው የምትዪው። ያን ጊዜ ሁሉም ያውቃቸዋል።

እመቤታችን በደህና ትገላግልሽ፤ የሚወለደውንም ልጅ ሰው ሁሉ ዓይን ለዓይን የሚያየው ታድርግልሽ።

እናትሽ ግቢ የቀረሁት
እህትሽ